መስታወቱን ማን ሰነጠቀው? ሙቀቱ እኩል ባልሆነ ጠፍጣፋ አካል ውስጥ ያለውን ውጥረት ማስላት

በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሌሊቱ ብርድ ቀኑ ፀሐይ በሚሆንበት ወቅት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ማንም ያልነካው የመስኮት መስታወት ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ድንገት «ቀጭ» ብሎ ሊሰነጠቅ ይችላል። መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ግቢ ውስጥ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። ስንጥቁን ቀረብ ብሎ የሚያይ ሰው ግን ልጆቹን በነጻ ያሰናብታቸዋል። የተመታ መስታወት የተመታበት ነጥብ አለው፤ ስንጥቆቹም ከዚያ ነጥብ በየአቅጣጫው ይበተናሉ። በሙቀት የተሰነጠቀ መስታወት ላይ እንዲህ ያለ ነጥብ አይገኝም። ስንጥቁ ከጠርዝ ይነሳል፤ ከጠርዙ ጋር 90 ዲግሪ ሠርቶ ጥቂት ሴንቲሜትር ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ፈለገው ይጠማዘዛል።

ለምን ከጠርዝ? ለምንስ ልክ 90 ዲግሪ ሠርቶ? ለዚህ መልስ ለማግኘት ኮምፒውተር አያስፈልግም። ወረቀት፣ እርሳስ፣ ማስመሪያና መደመር መቀነስ ይበቃሉ። ኮምፒውተሩ የሚያስፈልግበት ቦታም አለ፤ ወደ መጨረሻው እንደርስበታለን። ነገር ግን በእጅ ያላሰላ ሰው ኮምፒውተሩ ሲሳሳት አያውቅበትም።

ሙቀት ብቻውን አያስጨንቅም

ጠጣር ነገር ሲሞቅ ይሰፋል። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ተራ የመስኮት መስታወት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ርዝመቱ በ9 ማይክሮሜትር ያድጋል። በ30 ዲግሪ ሲጨምር ዕድገቱ 0.27 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ጥቂት የራስ ፀጉሮች ቢደራረቡ የሚሠሩት ውፍረት ነው። ሁሉም ቦታው እኩል ከሞቀና የሚይዘው ነገር ከሌለ መስታወቱ በዚህችው ልክ ትልቅ ይሆናል እንጂ ውስጡ ምንም ውጥረት አይፈጠርም። ጭማሪው 30 ዲግሪ ቢሆን 300 ዲግሪ ቢሆን ውጥረቱ ዜሮ ነው።

ውጥረት የሚመጣው ማደግ የፈለገ ነገር ሲከለከል ነው። ያው መስታወት ከላይና ከታች ፈጽሞ በማይንቀሳቀስ ነገር ተይዞ ሞቀ እንበል። 0.27 ሚሊሜትር ማደግ ፈልጎ አልቻለም፤ ስለዚህ የያዘው ነገር ያንኑ 0.27 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ እየገፋው ነው። ይህ ግፊት ስንት እንደሆነ ለማወቅ የመስታወቱን ግትርነት ማወቅ ያስፈልጋል፤ እሱም 70,000 ሜጋፓስካል ያህል ነው። ግትርነቱን በአንድ ዲግሪ ከሚሰፋበት መጠን ጋር ማባዛት ነው፦

70,000 × 0.000009 = 0.63 ሜጋፓስካል በእያንዳንዱ ዲግሪ

ሜጋፓስካል ላልለመደ ሰው፣ 1 ሜጋፓስካል ማለት በ1 ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 10 ኪሎ ያህል ክብደት እንደማሳረፍ ነው። በ30 ዲግሪ ጭማሪ 18.9 ሜጋፓስካል ይመጣል፤ በየካሬ ሴንቲሜትሩ 190 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። የጥቂት ፀጉሮች ውፍረት የምታህል ዕድገት ተከልክላ ይህን ያህል ግፊት መፍጠሯ መጀመሪያ ሲሰሙት ያስደንቃል።

ይህች «በአንድ ዲግሪ ስንት» የምትለው ቁጥር የእያንዳንዱ ቁስ መታወቂያ ናት ማለት ይቻላል። ለብረት 2.4 ገደማ ነው፤ ለኮንክሪት 0.3 ገደማ፤ የላቦራቶሪ ብርሌና ብልቃጥ ለሚሠራበት ቦሮሲሊኬት ለሚባለው መስታወት ደግሞ 0.21 ገደማ፣ ማለትም የተራው መስታወት አንድ ሦስተኛ። ብልቃጡ እሳት ላይ የሚችለው ስለሚጠነክር አይደለም፤ ሲሞቅ ብዙ ስለማያድግ ነው። ሰሌዳው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን በቁመትም በስፋትም ከተያዘ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ በአንድ በኩል የተከለከለው ዕድገት በሌላው በኩል ማምለጫ ስለሚያጣ። ያን ጊዜ 0.63ን ለ0.78 ማካፈል ነው (1 ሲቀነስ የመስታወት የፖይሰን ሬሾ 0.22፤ ይህ ሬሾ ቁሱ በአንድ አቅጣጫ ሲታመቅ በጎን ምን ያህል እንደሚያብጥ የሚለካ ነው)፤ ወደ 0.8 ይደርሳል።

ያዝና ልቀቅ

እስካሁን የያዘው ነገር ከውጭ ነበር። የመስኮቱ መስታወት ግን ፍሬሙ ውስጥ በጎማ ላይ ተቀምጦ እንደ ልቡ ማደግ ይችላል። ታዲያ ማን ከለከለው? ራሱ። በፀሐይ የሞቀው መካከሉ ማደግ ሲፈልግ ፍሬሙ ውስጥ የተደበቀው ቀዝቃዛ ጠርዝ አላድግም ይላል፤ ሁለቱ ግን አንድ አካል ናቸውና አንዱ ሌላውን ይጎትታል፣ ሌላው አንዱን ያምቃል።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዱዋሜል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሙቀትን ውጥረት በቀመር ካስቀመጠ ወዲህ፣ ይህን ጉተታ የማስላቱ ዘዴ በመሠረቱ አልተለወጠም። ሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱን ክፍል በሐሳብ ጥርቅም አድርጎ መያዝ፤ አንዱም ንቅንቅ እንዳይል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቦታ በራሱ ሙቀት ልክ ይታመቃል። ቀጥሎ መልቀቅ። በእውነቱ የያዘው እጅ የለምና፣ ለመያዝ ያዋልነውን ኃይል ጠቅላላ አቅጣጫውን ገልብጠን እንመልሰዋለን። የመጨረሻው ውጥረት የሁለቱ ድምር ነው።

በቁጥር እንየው። ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ ረዘም ያለ መስታወት እንውሰድ። መካከሉ 90 ሴንቲሜትር በፀሐይ ሞቆ 50 ዲግሪ ደርሷል። በግራና በቀኝ ፍሬሙና የፍሬሙ ጥላ የሸፈናቸው 5፣ 5 ሴንቲሜትር የሆኑ ጠርዞች ገና 20 ዲግሪ ላይ ናቸው። በቁመቱ አቅጣጫ እንያዘው፦ መካከሉ 30 ዲግሪ ስለጨመረ በ18.9 ሜጋፓስካል ይታመቃል፤ ጠርዞቹ ምንም ስላልጨመሩ ዜሮ። አሁን እንልቀቀው። የያዝንበት ኃይል 18.9ን በ90 ሴንቲሜትር ላይ የዘረጋ ነበር፤ ይህንኑ ኃይል በጠቅላላው 100 ሴንቲሜትር ላይ እኩል ብናከፋፍለው 17 ሜጋፓስካል ይሆናል። ሲለቀቅ ይህ 17 መለጠጥ ሆኖ በሁሉም ቦታ ይጨመራል። ውጤቱ፦

መካከሉ፦ 18.9 መታመቅ ሲቀነስ 17 መለጠጥ = 1.9 መታመቅ
ጠርዞቹ፦ 0 ሲደመር 17 = 17 መለጠጥ

ሒሳቡ ልክ መሆኑን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ነጻ የሆነ ሰሌዳ ውስጥ የሚጎትተውና የሚገፋው መተካከል አለበት፦ 17 × 10 = 170፤ 1.9 × 90 = 171። በማጠጋጋት የመጣችውን አንዷን ብናልፋት ተተካክሏል።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ስለ ስንጥቁ የጠየቅነውን ይመልሳሉ። የሞቀው ሰፊ ቦታ 1.9 ብቻ እየታመቀ ተመችቶታል፤ ፍዳውን የሚያየው ያልሞቀው ጠባብ ጠርዝ ነው። መስታወት ደግሞ ሲያምቁት ብዙ ይችላል፤ ሲለጥጡት ግን ቶሎ ይረታል። ጠርዙ የሚለጠጠው በራሱ በጠርዙ ርዝመት አቅጣጫ ስለሆነ ስንጥቁ ይህን አቅጣጫ በ90 ዲግሪ ይቆርጣል። ጥቂት ገብቶ መካከለኛው፣ የታመቀው ቦታ ሲደርስ ይህ ቀጥተኛ መንገድ ያበቃና መጠማዘዝ ይጀምራል።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ቀዝቃዛዎቹ ጠርዞች 5 ሴንቲሜትር መሆናቸው ቀርቶ 25፣ 25 ቢሆኑስ? አማካዩ 35 ዲግሪ ይሆናል፤ ከጠርዙ በ15 ይበልጣል፤ የጠርዙ መለጠጥም ከ17 ወደ 9.5 (15 × 0.63) ይወርዳል። ቀዝቃዛው ክፍል ጠባብ በሆነ ቁጥር ሸክሙን የሚካፈለው ያጣል። ቀጭን የጥላ መስመር ሰፊ ጥላ ከሚያደርሰው የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ለዚህ ነው።

17 ሜጋፓስካል ብዙ ነው ወይ? ለተራ መስታወት ወሳኙ የጠርዙ አቆራረጥ ነው። በአልማዝ ተቆርጦ ሳይለሰልስ የቀረ፣ ጥቃቅን ጥርሶች ያሉበት ጠርዝ ቶሎ እጅ ይሰጣል። ለዚህም ነው በሙያው ላሉ ሰዎች ተራ መስታወት በመካከሉና በጠርዙ መካከል ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ልዩነት ሲደርስ አደጋ ውስጥ ገብቷል የሚባለው። በሙቀት የጠነከረ፣ ቴምፐርድ የሚባለው መስታወት ግን ፋብሪካ ውስጥ ገጹና ጠርዙ አስቀድሞ እንዲታመቅ ተደርጎ ስለሚወጣ 200 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይችላል። መስኮቱ ላይ ጥቁር ፊልም የሚያስለጥፍ ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው፦ ፊልሙ የፀሐዩን ሙቀት መስታወቱ ውስጥ ያስቀረዋል፤ መካከሉ ይግላል፤ ፍሬም ውስጥ ያለው ጠርዝ ግን እንደ ቀዘቀዘ ይቀራል።

ቀጥታ መስመር

ከላይ ያደረግነውን ወደ አንድ ደንብ ማጠቃለል ይቻላል፤ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ አንባቢ ይህን ቢይዝ እመርጣለሁ። የሙቀቱን ግራፍ በሰሌዳው ስፋት ላይ ይሳሉ። ከዚያ በማስመሪያ ለዚህ ግራፍ ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበውን ቀጥታ መስመር ያስምሩ። በእያንዳንዱ ቦታ ያለው ውጥረት፣ መስመሩና ግራፉ በዚያ ቦታ ያላቸው ርቀት በዲግሪ ተለክቶ በቁሱ ቁጥር ሲባዛ የሚገኘው ነው። ሙቀቱ ከመስመሩ በታች ከሆነ ቦታው ይለጠጣል፤ ከመስመሩ በላይ ከሆነ ይታመቃል፤ መስመሩ ላይ ካረፈ ምንም አይሰማውም።

ለምን ቀጥታ መስመር? ነጻ የሆነ ረጅም ሰሌዳ ያለ ምንም ውጥረት ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል፦ ባለበት ማደግና ወደ ጎን መጉበጥ። አንዱ ጎኑ ሞቆ ሌላው ቀዝቅዞ፣ በመካከሉ ሙቀቱ በእኩል እርምጃ ቢወርድ፣ ሰሌዳው እንደ ማጭድ ጎበጥ ብሎ ሁሉም ቦታ የፈለገውን ርዝመት ያገኛል። ውጥረቱ ዜሮ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው 100 ዲግሪ ልዩነት ያለው ነጻ ሰሌዳ ምንም ሳይሆን፣ 30 ዲግሪ ልዩነት ያለው ሊሰነጠቅ ይችላል። የሚጎዳው ልዩነቱ ሳይሆን ከመስመር መውጣቱ ነው። የመጀመሪያው ምሳሌያችን ግራና ቀኙ እኩል ስለነበር መስመሩ ጋደም አለ፤ አማካዩን ብቻ መውሰድ የበቃንም ለዚህ ነው።

ደንቡ ኃይሉን የሚያሳየው ነገሩ ግራና ቀኝ እኩል ሳይሆን ሲቀር ነው። የዚያው መስታወት ግራ ግማሹ ፀሐይ ላይ 50 ዲግሪ፣ ቀኝ ግማሹ የጎረቤት ሕንፃ ጥላ ውስጥ 20 ዲግሪ ነው እንበል። አማካዩ 35 ነው። ለዚህ ደረጃ ለሠራ ግራፍ ከሁሉ የሚቀርበው መስመር ግራው ጫፍ ላይ 57.5፣ ቀኙ ጫፍ ላይ 12.5 ሆኖ በመካከል በ35 ያልፋል። አሁን ርቀቶቹን እናንብብ። መካከል ላይ፣ በሙቁ በኩል፣ ግራፉ ከመስመሩ 15 ዲግሪ በላይ ነው፦ 9.5 ሜጋፓስካል መታመቅ። እዚያው በቀዝቃዛው በኩል 15 ዲግሪ በታች፦ 9.5 መለጠጥ። እስከዚህ ማንም ይገምተዋል። ግራው ጫፍ ላይ ግን መስመሩ 57.5፣ ሙቀቱ 50 ነው፤ 7.5 ዲግሪ በታች! ፀሐይ ላይ ያለው ሙቅ ጠርዝ በ4.7 ሜጋፓስካል ይለጠጣል። «የሞቀ ይታመቃል፣ የቀዘቀዘ ይለጠጣል» ብሎ በጭንቅላቱ ብቻ የሚሄድ ሰው እዚህ ይወድቃል። ምክንያቱ መጉበጡ ነው፤ ሰሌዳው ወደ ጎን ሲጎብጥ ሙቁን የዳር ጫፍ ከሚፈልገው በላይ ይለጥጠዋል።

አንድ ጥንቃቄ። ይህ ደንብ ረጅም ለሆነ ሰሌዳ፣ ያውም ከላይና ከታች ጫፎቹ ራቅ ብሎ ላለው ክፍል ነው። ጫፎቹ አካባቢ፣ ስፋቱን በሚያህል ርቀት ውስጥ፣ ውጥረቱ መልኩን ይቀይራል። ቁመቱና ስፋቱ እኩል ለሆነ መስታወት ደንቡ ግምት እንጂ መልስ አይሰጥም።

ከላይ ሙቅ፣ ከታች ቀዝቃዛ

ያው ሐሳብ በውፍረት አቅጣጫም ይሠራል። ቀን ፀሐይ የመታው የኮንክሪት ወለል ላዩ ሞቆ ታቹ ቀዝቅዞ ይቆያል። ልዩነቱ በውፍረቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ከወረደ፣ ነጻ የሆነ ወለል ውጥረት ሳይሰማው መካከሉ ወደ ላይ ይነፋል፤ ሌሊት ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆኖ ጠርዞቹ ይነሳሉ። ውፍረቱ 25 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ለሆነና በላይና በታቹ መካከል 12 ዲግሪ ልዩነት ላለው ወለል የመካከሉ መነሣት 1.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ችግሩ ወለሉ ነጻ አለመሆኑ ነው። የራሱ ክብደት ተጭኖ አላነፋህም ይለዋል። ሙሉ በሙሉ ከተጫነው ታቹ እንዲህ ይለጠጣል፦ በዲግሪ 0.3፣ ሲባዛ በ12፣ ሲካፈል ለ2፣ እንደገና ሲካፈል ለ0.85 (1 ሲቀነስ የኮንክሪት የፖይሰን ሬሾ 0.15)፤ 2.1 ሜጋፓስካል። ኮንክሪት ሲታጠፍ የሚችለው 4 ወይም 5 ሜጋፓስካል ያህል መሆኑን ስናስብ፣ መኪና ሳይወጣበት ከአቅሙ ግማሽ ገደማውን ፀሐይ ወስዳበታለች። የኮንክሪት መንገድ በየ4 እና 5 ሜትሩ በመጋዝ የሚቆረጠው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ አጭር ቁራጭ ክብደቱ እንዳይነፋ አድርጎ አይዘውም። ዴንማርክ ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ የሠራው የመዋቅር ሊቅ ዌስተርጋርድ ይህን በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አስልቶ ካሳየ ወዲህ የመንገድ ሥራ ስሌት የቀን ፀሐይን እንደ አንድ ጭነት ይቆጥራታል።

ምጣዱ

አሁን ወደ ክብ ነገር። እንጀራ የሚጋገርበት የሸክላ ምጣድ ስፋቱ 60 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ ጠፍጣፋ ክብ ሰሌዳ ነው፤ ሙቀቱ እኩል ሆኖ አያውቅም። በእንጨት ሲማገድ ነበልባሉ መካከሉን ይመታል፤ በኤሌክትሪኩ ምጣድም የሚግለው ሽቦ እስከ ጠርዙ ድረስ ካልተዘረጋ ዳሩ ይቀዘቅዛል። ለዚህ ቅርጽ ማስመሪያው አይሠራም፤ ክብ ነገር ወደ የትኛውም ጎን ስለማይጎብጥ የሚቀረው አማካዩ ብቻ ነው። የጠርዙ ደንብ በጣም ያማረ ነው፦

በጠርዙ ላይ ያለው መለጠጥ = የቁሱ ቁጥር × (የምጣዱ አማካይ ሙቀት − የጠርዙ ሙቀት)

አማካዩ የሚወሰደው በስፋት ነው፤ ዳር አካባቢ ያለው ቀለበት ሰፊ በመሆኑ ከመካከሉ የበለጠ ድምፅ አለው። ሙቀቱ ከመካከል ወደ ዳር እንደ ጉልላት ሲወርድ (በሒሳብ ቋንቋ ፓራቦላ ሲሆን) አማካዩ ልክ የልዩነቱ ግማሽ ላይ ያርፋል።

የሸክላ ቁጥር እንደ አፈሩና እንደ አቃጠሉ ይለያያል። ለስሌቱ ያህል ግትርነቱን 10,000 ሜጋፓስካል፣ መስፋቱን በዲግሪ 5 ሚሊዮንኛ እናድርገው። በአንድ ዲግሪ 0.05 ይሆናል፤ ከመስታወቱ ከ12 ጊዜ በላይ ያነሰ። መካከሉ 220፣ ጠርዙ 140 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 80፣ ግማሹ 40፤ ጠርዙ በ2 ሜጋፓስካል ይለጠጣል፤ መካከሉ በ1 ሜጋፓስካል ይታመቃል። የሚለጠጠው በዙሪያው አቅጣጫ ስለሆነ ስንጥቅ ቢመጣ ከጠርዝ ተነስቶ ወደ መካከል ይገባል፤ ልክ እንደ መስታወቱ። ይህ የበሰለ ሸክላ የሚሸከመው ነው። ነገር ግን አዲስ ምጣድ ላይ አንድ ጊዜ እሳት ቢለቀቅ መካከሉ ሲግል ጠርዙ ገና የክፍሉ ሙቀት ላይ ይሆናል፤ ልዩነቱ 80 መሆኑ ቀርቶ 200 ይጠጋል፤ ውጥረቱም ወደ 5 ሜጋፓስካል። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ በጎመንዘር እያሹ በቀስታ የሚያሟሹት ዘይቱ እንዲገባበት ብቻ አይደለም። በቀስታ ሲሞቅ ጠርዙ መካከሉን ይከተለዋል፣ በቅንፉ ውስጥ ያለው ልዩነት ትንሽ ሆኖ ይቆያል።

ሊጡ ሲፈስበትስ? ይህ ሌላ ዓይነት ስሌት ነው፤ በውፍረት አቅጣጫ፣ ያውም በድንገት። ቀዝቃዛው ሊጥ የነካው ስስ ገጽ ሊኮማተር ይፈልጋል፤ ከሥሩ ያለው ውፍረት ሙሉው ገና ግሏልና አይለቀውም። የገጹ መለጠጥ ከፍተኛ ገደቡ የቁሱ ቁጥር በቅዝቃዜው መጠን ተባዝቶ ለ0.8 (1 ሲቀነስ የፖይሰን ሬሾ 0.2) ተካፍሎ የሚገኘው ነው። 80 ዲግሪ ባንዴ ቢወርድ 5 ሜጋፓስካል። በተግባር ግን ወደዚህ አይደርስም፤ ገጹ ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ሙቀት እየመጣ ይደግፈዋል። ሊጡ የሚወስደው ሙቀት ከሥር ሊመጣ ከሚችለው ጋር ሲወዳደር ምን ያህል እንደሆነ የሚለካ ባዮ ቁጥር የሚባል መለኪያ አለ፤ ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ገጹና ውስጡ አብረው ይቀዘቅዛሉ፣ ውጥረቱም ትንሽ ይሆናል። በወፍራም ነገር ላይ ቁጥሩ ትልቅ ነው። ምጣድ እንዲጠነክር ብሎ ማወፈር ለዚህ ዓይነቱ አደጋ መድኃኒት አይሆንም። «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» የሚለው ተረት ደግሞ ሦስተኛውን ነገር፣ ምቱን፣ ቀድሞ አስቦበታል።

ላሜራው ለምን ይንጨባረራል

መስታወትና ሸክላ ይሰነጠቃሉ። ብረት ሌላ ባሕርይ አለው፤ ሁለት ማምለጫ መንገድ አለው።

አንደኛው መጎበጥ ነው። ስስ ላሜራ በአራቱም ጎን ንቅንቅ በማይል ፍሬም ላይ ቢያዝና እኩል ቢሞቅ፣ መታመቁ ከመብዛቱ በፊት ላሜራው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይነፋል። ይህ የሚሆንበት ሙቀት የሚወሰነው ውፍረቱ ለስፋቱ ተካፍሎ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ቁጥር ነው። ስፋቱ 50 በ50 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ለሆነ ፍጹም ቀጥ ያለ የብረት ላሜራ ስሌቱ 0.4 ዲግሪ ይላል። አዎ፣ ከግማሽ ዲግሪ ያነሰ። ውፍረቱን 5 ሚሊሜትር ብናደርገው ወደ 10.5 ዲግሪ ይወጣል። የቆርቆሮ ጣሪያ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበትና ማታ ሲበርደው የሚጮኸው እንዲህ ያለው የተከለከለ ዕድገት ድንገት ሲለቀቅ ነው።

ሁለተኛው መንገድ እጅ መስጠት ነው። ተራ ብረት ወደ 240 ሜጋፓስካል ሲደርስ ሳይሰበር ቅርጹን ይቀይራል። በዲግሪ 2.4 ብለናልና፣ 100 ዲግሪ ሙሉ በሙሉ የተከለከለ ጭማሪ ይበቃዋል። ብየዳ ላይ ደግሞ ነገሩ በመቶዎች ዲግሪ ነው። የተበየደው መስመር ሲግል ማደግ ይፈልጋል፤ ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ላሜራ ይከለክለዋል፤ የጋለው ብረት ለስላሳ ስለሆነ ባለበት ተጨፍልቆ ያጥራል። ሲቀዘቅዝ ያጠረው እንዳጠረ ይቀርና ዙሪያውን ይጎትታል። ሙቀቱ ጠፍቶም ውጥረቱ አለ፤ ያውም አቅጣጫውን ገልብጦ። መስመሩ ይለጠጣል፣ ዙሪያው ይታመቃል፣ ላሜራው ስስ ከሆነም ይንጨባረራል። ልምድ ያለው በያጅ ረጅም መስመር ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ የማይበይደው፣ ከዚህም ከዚያም ነጥብ እያደረገ ራቅ ራቅ አድርጎ የሚሄደው ግለቱን ለመበተን ነው። «ያዝና ልቀቅ» እዚህ ላይ ብቻውን አይበቃም፤ መልቀቅ ሁሉን ወደነበረበት የሚመልሰው ቁሱ እጅ እስካልሰጠ ድረስ ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ

ቀዳዳ ያለበት፣ ማዕዘኑ የተቆረጠ ወይም ጥላው ሰያፍ የሆነ ሰሌዳ በእጅ አይገፋም። ያን ጊዜ ፋይናይት ኤለመንት በሚባለው ዘዴ የሚሠራ ሶፍትዌር ይመጣል፤ ሰሌዳውን ወደ ጥቃቅን ክፍሎች በታትኖ ያንኑ መያዝና መልቀቅ ሺህ ቦታ ያደርጋል። ቀዳዳ በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቀጭን፣ ነጻና ቀዳዳ በሌለው ሰሌዳ ውስጥ ሙቀት ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ብቻ እየፈሰሰ ከረጋ፣ በገጹ በኩል ምንም ካልገባና ካልወጣ፣ የሙቀቱ ካርታ የቱንም ያህል ቢጠማዘዝ በሰሌዳው ውስጥ ውጥረት አይኖርም። ለብዙ ኢንጂነሮችም እንግዳ የሚሆን ነገር ነው። የመስታወቱ ፀሐይና የምጣዱ እሳት በገጹ በኩል ስለሚገቡ ይህ ምሕረት አይደርሳቸውም። ቀዳዳ ያለበት ሰሌዳ ደግሞ፣ በተለይ በቀዳዳው በኩል ሙቀት ሲገባ ወይም ሲወጣ፣ ምሕረቱን ሊያጣ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት ሙቀቱ ላይ ሳይሆን ድጋፉ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ ሰሌዳው አየር ላይ እንዳይንሳፈፍ የሆነ ቦታ ያዝልኝ ይላል፤ ተጠቃሚው አንዱን ጠርዝ ሙሉውን ይይዛል፤ በዚህም በእውነቱ የሌለ እጅ ተፈጠረ ማለት ነው። ውጤቱ ላይ በዚያ ጠርዝ በኩል ደማቅ ቀይ ቀለም ይወጣል፣ ሪፖርትም ይጻፍበታል። ነጻ ለሆነ ጠፍጣፋ ሰሌዳ በገጹ ውስጥ ሦስት ክልከላ ብቻ ይበቃል፦ አንዱን ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ፣ ከእሱ ጋር በአንድ ጠርዝ ላይ ያለውን ማዕዘን ደግሞ ለዚያ ጠርዝ ቀጤ ነክ በሆነው አቅጣጫ ብቻ። ትክክል መሆኑን ለማወቅ ከእውነተኛው ሙቀት በፊት የውሸት ሙቀት ይስጡት፤ ከአንዱ ጎን 0፣ ከሌላው 100 ዲግሪ ሆኖ በመካከል ቀጥ ብሎ የሚወርድ። መልሱ በሁሉም ቦታ ዜሮ መሆን አለበት። ዜሮ ካልመጣ ድጋፉን ያስተካክሉ እንጂ ወደ እውነተኛው ሙቀት አይለፉ።